አንድ ወረቀት፣ ሁለት ውጤት፦ በዩኒቨርሲቲ ምዘና ፍትሕ ከየት ይጀምራል?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ግቢ ላላችሁ ተማሪዎችና መምህራን ነው። ልጆቻችሁን ወደዚያ የላካችሁ ወላጆችም አብራችሁን ቆዩ። ጉዳያችን የተማሪዎች ምዘና ነው። ፈተና እንዴት ይወጣል? እንዴት ይታረማል? ውጤቱ ለሁሉም በአንድ ዓይን መሰጠቱንስ በምን እናውቃለን?

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ የአንደኛ ዓመት ኮርስ እንውሰድ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ክፍል ከመመደባቸው በፊት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ከእነዚህ አንዱ ነው። የተማሪው ቁጥር ብዙ ስለሆነ ኮርሱ በብዙ ሴክሽን ተከፍሎ በተለያዩ መምህራን ይሰጣል። ስሙ አንድ ነው፣ ክሬዲቱም አንድ ነው። አሰጣጡ ግን ሊለያይ ይችላል። አንዱ መምህር አምስት ኩዊዝ ሰጥቶ ይደምራል፤ ሌላው በአንድ ሚድ ብቻ ይጨርሳል። አንዱ ለግሩፕ አሳይመንት 30 ነጥብ ይይዛል፤ ሌላው 10። አንዱ በእርማት ይጠብቃል፤ ሌላው ይለግሳል። የትምህርት ክፍል ምደባ ሲመጣ ግን የእነዚህ ሁሉ ሴክሽኖች ተማሪዎች ውጤት በአንድ ዝርዝር ላይ ይሰለፋል።

ይህ ምን ያህል ልዩነት ያመጣል? በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሚሠራበት የውጤት አሰጣጥ ከ50 እስከ 60 ያገኘ ተማሪ ሲ ይያዝለታል፤ ነጥቡ 2.0 ነው። ከ65 እስከ 70 ያገኘ ቢ ማይነስ ይያዝለታል፤ ነጥቡ 2.75 ነው። እንግዲህ በችሎታ እኩል የሆኑ ሁለት ተማሪዎችን አስቡ። አንዷ እጁ የጠበቀ መምህር ደርሷት 58 አገኘች። ሌላው እጁ የላላ መምህር ደርሶት 66 አገኘ። ኮርሱ ባለ 3 ክሬዲት፣ ሴሚስተሩ ባለ 18 ክሬዲት ቢሆን በሴሚስተሩ አማካይ ውጤታቸው ላይ የ0.125 ልዩነት ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ነገር በሦስት ኮርስ ቢደገም 0.375 ይደርሳል። ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ምህንድስና ለሚመኝ ተማሪ ይህ ልዩነት መግባትና አለመግባትን ሊወስን ይችላል። ልጅቷ ያጣችው ዕድል በእውቀቷ ማነስ የመጣ አይደለም፤ የመጣው ከደረሳት ሴክሽን ነው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አድማጮች፣ "ይህ የሚሆነው መምህሩ ቅን ካልሆነ ነው" የሚል ሐሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገ አንድ ጥናት የሚያሳየን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን አባዝተው ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ላኩ። ከ140 በላይ መምህራን ወረቀቶቹን አረሙ። የመጀመሪያው ወረቀት እንደየአራሚው ከ64 እስከ 98 ውጤት አገኘ። ሁለተኛው ከ50 እስከ 97። "እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው፤ ሒሳብ ቢሆን እንዲህ አይለያዩም ነበር" የሚል ትችት ሲነሳ ተመራማሪዎቹ በጂኦሜትሪ ወረቀት ሞከሩት። ልዩነቱ ባሰ፤ ያው አንድ ወረቀት ከ28 ጀምሮ እስከ 90ዎቹ ድረስ ተሰጠው።

እነዚያ መምህራን ተማሪውን አያውቁትም። የሚጠቅሙት ወይም የሚጎዱት ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንዱ ለአካሄዱ ነጥብ ሲሰጥ ሌላው የመጨረሻውን መልስ ብቻ ያያል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለጽሑፉ ንጽሕና መጓደል ነጥብ ይቀንሳል። የጎደላቸው የጋራ መስፈርት ነበር። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ዋና ነገርም ይኸው ነው። ፍትሐዊ ምዘና በመምህሩ ቅንነት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ወረቀቱ ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ በተቀመጠና ሁሉም በሚያውቀው ስምምነት ላይ መቆም አለበት።

ስምምነቱ የሚጀምረው ከኮርስ አውትላይኑ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ሳምንት ምን ያህሉ ነጥብ በተከታታይ ምዘና፣ ምን ያህሉ በፋይናል እንደሚያዝ ማወቅ አለበት። ተከታታይ ምዘናው ከአጠቃላይ ነጥቡ ግማሹን የሚይዝበት ቦታ ብዙ ነው። ግማሹ ነጥብ በየሴክሽኑ በተለያየ መንገድ ከተሰጠ ፋይናሉ የጋራ ቢሆን እንኳ የተበላሸው አይቃናም። ስለዚህ አንድን ኮርስ የሚያስተምሩ መምህራን ሴሚስተሩ ሳይጀመር ተቀምጠው የኩዊዙን ብዛት፣ የአሳይመንቱን ዓይነትና የየአንዳንዱን ክብደት መወሰን አለባቸው።

ቀጥሎ የፈተናው ንድፍ ይመጣል። አራት ሳምንት የተማሩት ምዕራፍ በሁለት ጥያቄ ታልፎ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የተነካው ምዕራፍ አሥር ጥያቄ ቢወጣበት ተማሪው ምኑን አምኖ ያጥና? ለዚህ መምህራን ፈተናውን ከማውጣታቸው በፊት ሰንጠረዥ ያዘጋጃሉ። በአንድ በኩል ምዕራፎቹን፣ በሌላ በኩል የሚፈለገውን የአስተሳሰብ ደረጃ ይጽፋሉ። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት ምደባ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ማስታወስ፣ መረዳትና በሥራ ላይ ማዋል ይለያያሉ፤ መተንተንና መመዘንም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ ትንተና አስተምሮ በፈተና ትርጉም ማስሸምደድ፣ ወይም ትርጉም ብቻ አስተምሮ ትንተና መጠየቅ፣ ሁለቱም የተማሪውን ድካም ያባክናሉ።

አሁን ወደ እርማቱ እንግባ። ከሎጂክ ኮርስ አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። "ጎረቤቴ ቡና መጠጣት ካቆመ በኋላ የራስ ምታቱ ተሻለው። ስለዚህ የራስ ምታቱን ያመጣበት ቡና ነው። የዚህን ክርክር ስሕተት አስረዱ።" አሥር ነጥብ ተይዞለታል። አንዷ ተማሪ ባማረ የእጅ ጽሑፍና ባልተሳሳተ እንግሊዝኛ ሙሉ ገጽ ጻፈች። የስሕተቱን ስም ጠቀሰች፣ የሌሎችንም ስሕተቶች ትርጉም ዘረዘረች፤ ይህ ክርክር ለምን እንደማያስኬድ ግን አልተናገረችም። ሌላው ተማሪ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አራት መስመር ጻፈ። አንዱ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱ ምክንያቱ መሆኑን እንደማያሳይ፣ ሰውየው በዚያው ሰሞን እንቅልፉ ተስተካክሎ ሊሆን እንደሚችል፣ ቡናውን መልሶ ሲጀምር ምን እንደሚሆን መታየት እንዳለበት ጻፈ። የራሱን ምሳሌም ጨመረ፤ የስሕተቱን ስም ግን ረሳው።

የእርማት መስፈርት ከሌለ የመጀመሪያዋ 8፣ ሁለተኛው 4 ሊያገኙ ይችላሉ። የእሷ ገጽ ሞልቷል፣ ቋንቋዋም ያምራል። መምህሩ አስቀድሞ "ስሙን ለጠራ 2፣ ለምን እንደማያስኬድ ላስረዳ 4፣ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ለተናገረ 2፣ የራሱን ምሳሌ ለሰጠ 2" ብሎ ጽፎ ከሆነ ግን ውጤቱ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያዋ 2፣ ሁለተኛው 8 ያገኛሉ። ኮርሱ የሚለካው አመክንዮ ነው፣ አመክንዮውን ያሳየውም እሱ ነው። ይህ መስፈርት ከጥያቄው ጋር በአንድ ቀን መጻፍ አለበት። ወረቀቶቹን ካዩ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት መጀመሪያ ባነበቡት ወረቀት ላይ ተቀርጾ ይወጣል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

መስፈርቱ ከተጻፈም በኋላ አንድ ትልቅ ፈተና ይቀራል፤ እሱም የአራሚው አእምሮ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 የጦር መኮንኖች ወታደሮቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ አጥንቶ ነበር። በአንድ ነገር ጥሩ ነው የተባለ ወታደር በማይገናኘው ሌላ ነገርም ጥሩ ነው ሲባል አገኘው። በክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። እጁን እያወጣ የሚመልስ ተማሪ ወረቀቱ ላይ ግልጽ ያልሆነ ነገር ቢጽፍ "ይህን ለማለት ፈልጎ ነው" ተብሎ ይሞላለታል። ዝም የምትለው ተማሪ ግን ያንኑ ብትጽፍ "አልገባትም" ትባላለች።

በአገራችን ደግሞ ስም ብዙ ነገር ይናገራል። የወረቀቱን አናት ያየ ሰው ፆታን፣ ሃይማኖትን፣ አንዳንዴም የትውልድ አካባቢን ሊገምት ይችላል። መምህሩ በዚህ አልመራም ቢልም፣ ተማሪው ዝቅተኛ ውጤት ሲያገኝ "በስሜ ነው" ብሎ የሚጠረጥርበት በር ክፍት ይሆናል። በሩን መዝጋት ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ስሙ ከእርማት በኋላ ይመሳከር። ይህ ተማሪውን ከአድልዎ፣ መምህሩንም ከሐሜት ይጠብቃል። ነጥብን በገንዘብ፣ በዝምድና ወይም በፆታዊ ጥቅም ለመለወጥ ለሚያስብም መንገዱን ያጠብበታል።

ሁለት ተጨማሪ ልማዶችም አሉ። አንደኛ፣ የአንድን ተማሪ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ከማረም ይልቅ የሁሉንም ተማሪዎች አንደኛ ጥያቄ፣ ከዚያ የሁሉንም ሁለተኛ ጥያቄ ማረም ነው። እንዲህ ሲሆን በአንደኛው ጥያቄ የተሳሳተው ተማሪ በሁለተኛው አስቀድሞ አይፈረድበትም። ሁለተኛ፣ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ሲታለፍ ወረቀቶቹን መቀላቀል ነው። ሲነጋጋ በድካም የሚታረመው ወረቀት ሁልጊዜ የአንድ ተማሪ መሆን የለበትም።

ብዙ አራሚ ባለበት ኮርስ ደግሞ መመሳከር ያስፈልጋል። ከሁሉም ሴክሽን የተውጣጡ አሥር ወረቀቶች ተባዝተው ሁሉም መምህራን ለየብቻቸው ያርሟቸው። ከዚያ ውጤቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚለያዩበትን ቦታ ይወያዩበት። "አንተ እዚህ ላይ ለምን 3 ሰጠህ፣ እኔ ለምን 1 ሰጠሁ?" የሚለው ውይይት መስፈርቱን ያጠራዋል። ዋናው እርማት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በጋራ መለኪያ የመመዘን አሠራር ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ውስጥ ድጓ የሚባለውን ዜማ የትም የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ሄዶ ይመሰከርለታል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ያስተማረው መምህር ክቡር ነው፤ ምስክርነቱ ግን ሁሉም በሚለካበት አንድ ቦታ ይሰጣል። ዛሬ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ የውጭ ፈታኝ የሚጠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጥያቄው ይህ ጥንቃቄ ለምን ለመጨረሻው ዲግሪ ብቻ ይቀመጣል የሚለው ነው። ዕጣ ፈንታው በአንደኛ ዓመት ውጤት ለሚወሰን ወጣትም ይገባዋል።

"ምርጫ ጥያቄ ከሰጠን ይህ ሁሉ ችግር የለም" የሚሉ መምህራን አሉ። እርማቱ ላይ ልክ ናቸው፤ ጥያቄው ላይ ግን አይደሉም። አራት አማራጭ ያላቸው 40 ጥያቄዎች ቢቀርቡ ምንም ያላነበበ ተማሪ በግምት ብቻ በአማካይ 10 ሊመልስ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው የተሳሳተ የመልስ ቁልፍ ነው። መፍትሔው ከእርማት በኋላ ጥያቄዎቹን መመርመር ነው። 60 ተማሪ ካለበት ክፍል ከላይ 15፣ ከታች 15 ተማሪዎችን ውሰዱ። አንድን ጥያቄ ከላይኞቹ 3 ብቻ መልሰውት ከታችኞቹ 10 ከመለሱት ወይ ቁልፉ ስሕተት ነው፣ ወይ ጥያቄው ሁለት ትርጉም አለው። ስሕተት ከተገኘ ደግሞ ነጥቡ ለሁሉም ይስተካከል። ቢሮ ድረስ መጥቶ ለተከራከረው ብቻ ማስተካከል ዝምተኛውን መቅጣት ነው።

ስኬል የሚባለውንም ነገር አንለፈው። ውጤት በሁለት መንገድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ማወዳደር ነው፤ "የመጀመሪያዎቹ ይህን ያህል ተማሪዎች ኤ ያገኛሉ" ይባላል፤ ስኬል የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ተማሪውን አስቀድሞ ከተቀመጠ የእውቀት መስፈርት ጋር ማወዳደር ነው። ይህን ልዩነት አሜሪካዊው ሮበርት ግሌዘር እ.ኤ.አ. በ1963 በግልጽ አስቀምጦታል። በየሴክሽኑ ለብቻ በሚሠራ ስኬል ጎበዞች የተሰባሰቡበት ሴክሽን ተማሪዎች ይጎዳሉ፣ ደካማ ሴክሽን የደረሳቸው ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለው ስኬል አብሮ የማጥናት ፍላጎትንም ይገድላል። ምሩቁን የሚቀጥር ድርጅት ወይም ምሩቁ የሚያክመው በሽተኛ የሚፈልገው ሥራውን ማወቁን ነው፤ ከጓደኛው መብለጡን አይደለም።

የግሩፕ አሳይመንትም እንዲሁ ነው። አንዱ ሌሊት ሲሠራ አራቱ ስማቸውን ብቻ አጽፈው እኩል ነጥብ መውሰዳቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከነጥቡ ከፊሉ ለግል ድርሻ ይያዝ፤ መምህሩም ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሦስት ጥያቄ በቃል ይጠይቅ። ኮምፒውተር ጽሑፍ አዘጋጅቶ በሚሰጥበት በዚህ ዘመን ይህች የቃል ጥያቄ ለግል አሳይመንትም አስፈላጊ ሆናለች።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስካሁን ወጥነትን አጥብቀን ተናገርን። ወጥነት ግን ሁሉንም ተማሪ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ማስፈተን አይደለም። ዓይነ ስውር ተማሪ ጥያቄው በአንባቢ እየተነበበለት ሲፈተን መልሶ ማስነበብ፣ ማሰብና ማስጻፍ አለበት። ለእሱ ሰዓት መጨመር ችሮታ አይደለም፤ እውቀቱ እንዲለካ እንቅፋቱን ማንሳት ነው። የሚቀየረው መንገዱ ነው፤ የእርማት መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ይቆያል። ብሬል ለሚያነብ ተማሪ የብሬል ወረቀቱ በሰዓቱ ሊደርሰው፣ በአንባቢ ለሚፈተነውም የሚያነብለት ሰው ኮርሱን የሚያውቅ ሊሆን ይገባል።

ውጤት ትርጉሙን ሲያጣ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት መደበኛ ተማሪዎች 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ናቸው። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የቤተ ሙከራ፣ የሁለተኛ ደረጃ መሠረት ጉዳይ አለበት። አንድ ፈተናም ሁሉን አይለካም። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ ወጣቶች የየኮርሳቸውን ፈተና አልፈው የመጡ ናቸው። በየሴሚስተሩ "ችለሃል" ሲባል የቆየ ልጅ በመጨረሻው ቀን "አልቻልክም" ሲባል የልጁ ብቻ ሳይሆን የለካው ሁሉ ጥፋት ነው። ያልተገባ ነጥብ መስጠት ርኅራኄ ይመስላል፤ ተማሪው ድክመቱን ገና በጊዜ እንዳያውቅ ግን ይከለክለዋል።

ተማሪዎች፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። ኮርስ አውትላይኑን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። የተመለሱላችሁን ኩዊዞችና አሳይመንቶች አስቀምጡ። ቅሬታ ሲኖራችሁ "ይህ ግሬድ አይገባኝም" ከማለት ይልቅ "በሦስተኛው ጥያቄ ይህን መልሻለሁ፤ በመስፈርቱ መሠረት ይታይልኝ" በሉ። መጀመሪያ መምህሩን፣ ካልሆነ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን በጽሑፍ ጠይቁ። የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ለቅሬታ ጊዜ ገደብ ያስቀምጣልና ቀኑ አይለፋችሁ። መምህራንም ውጤት ወደ ሬጅስትራር ከመግባቱ በፊት ወረቀቱን ለተማሪው አሳዩት። ቅሬታ የጠየቀ ተማሪ በሚቀጥለው ኮርስ እንዳይፈራ የትምህርት ክፍሉ ዋስትና ይስጥ። ድጋሚ እርማቱንም የመጀመሪያውን ውጤት ያላየ ሌላ መምህር ይሥራው።

መምህራን ጊዜ እንደሌላችሁ፣ የክፍሉ ተማሪ እንደሚበዛና ክፍያው እንደማይመጥን እናውቃለን። ስለዚህ ይህ ሸክም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መቅረት የለበትም። ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የመመሳከሪያ ሰዓትን እንደ መደበኛ ሥራ ቆጥረው ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል። እስከዚያው በዚህ ሴሚስተር አንድ ነገር ብቻ ጀምሩ። አብራችሁ አንድ ኮርስ የምታስተምሩ ሁለት መምህራን ስማቸው የተሸፈነ አሥር ወረቀቶችን ተለዋውጣችሁ አርሙ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ግን አትተያዩ። ልዩነታችሁ ትንሽ ከሆነ በውጤታችሁ ላይ በሙሉ ልብ ፈርሙ። ሰፊ ከሆነ መስፈርቱን አስተካክላችሁ የቀሩትን ወረቀቶች በአዲሱ መስፈርት አርሙ፤ ግሬዱም ከዚያ በኋላ ይግባ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)